ሴሚናር መምህሩን አይተካም

በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚያቀርቡት ሴሚናር ከማስተማሪያ ዘዴነት ወርዶ የመምህር መቅረት መሸፈኛ እንዳይሆን ሊታሰብበት ይገባል።

የዘዴው ጥቅም አያከራክርም። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ትምህርቱን በአነስተኛ ቡድኖች ውይይት ላይ ሲመሠርት፣ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ራሱን ማስተማር አለበት ከሚል እምነት ተነሥቶ ነው። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ለጓደኞቹ የሚያስረዳ ተማሪም ነገ ለታማሚው ማስረዳትን ከወዲሁ ይለማመዳል።

ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ርእሱ ለቡድኑ አባላት ይከፋፈላል፤ አንዱ መንሥኤውን፣ ሌላው ምርመራውን፣ ሦስተኛው ሕክምናውን ይይዛል። እያንዳንዱ ድርሻውን ከመጽሐፍ ገልብጦ ከስላይድ ላይ ሲያነብ የጓደኛውን ክፍል ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። መምህሩ በሌለበት የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ቢነገር ደግሞ የሚያርም አይኖርም፤ ስሕተቱም ከመማሪያ ክፍል ወደ ሕሙማን አልጋ ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ ሴሚናር መቅረት የለበትም፤ መምህር ያልተገኘበት ሴሚናር ግን እንደ ተሰጠ ትምህርት ሊቆጠር አይገባም። የትምህርት ክፍሎች ይህን በመመሪያቸው ሊደነግጉ፣ እያንዳንዱ አቅራቢም ከድርሻው አልፎ ስለ መላው ርእስ እንዲጠየቅ ሊያደርጉ ይገባል።