ከዕጣው ይልቅ ካርታው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በተካሄደው የቨርጂኒያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፣ በኒውፖርት ኒውስ በሚገኘው 94ኛው ወረዳ ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስና ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ሕጉ በዕጣ ይለይ ይላልና፣ በጃንዋሪ 2018 ከጎድጓዳ ሳህን የያንሲ ስም ወጣ። ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቀጠለ።

ብዙዎች በሳህኑ ተሳለቁ። እቁብ ለምንጥል ለእኛ ግን ዕጣ ነውር አይደለም፤ ቢያንስ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የምክር ቤቱ የሪፐብሊካን አብላጫ በ2011 ያሰመረው የወረዳዎች ካርታ ነው። ዴሞክራቶች ከጠቅላላው ድምፅ ወደ 53 በመቶ አግኝተው ከመቶው መቀመጫ 49 ብቻ ደረሳቸው። እርግጥ ነው፣ በበርካታ ወረዳዎች ተፎካካሪ ስላልቀረበ በድምሩ ብቻ መከራከር አይቻልም። ዋናው ማስረጃ የመጣው ከፍርድ ቤት ነው፦ በ2018 የፌዴራል ዳኞች በ11 ወረዳዎች ጥቁር መራጮች በዘራቸው ተለይተው መታጨቃቸውን አረጋግጠው ወረዳዎቹን ሻሩ። መስመሩን ያሰመረው እጅ ከሳህኑ በፊት ፈርዶ ነበር።

በ2019 በታረመው ካርታ ዴሞክራቶች 55 መቀመጫ ያዙ፤ ሳይመንድስም ያንሲን ያለ ዕጣ አሸነፉ።