ሦስት ሰዓት ስንል ሦስት ሰዓት ነው

በቀደም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ በኛ ቤት መርዶ ነው። አንዷ ጓደኛችንማ ስልኳን ሳታየው ማልቀስ ጀምራ ነበር። ነገሩ ግን የቴሌግራም ግሩፓችን ቦት ሆኖ ተገኘ። «ስብሰባ አላችሁ» ይላል። ማታ «ነገ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አስታውሰን» ብለነው ስለነበር የፈረንጁን ሦስት ሰዓት ጠብቆ ቀሰቀሰን።

ጠዋት ቦቱን የሠራውን ወዳጃችንን ስንወቅሰው ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ጥፋቱ የእናንተ ነው። ናይን ኤ ኤም ብላችሁ መጻፍ ነበረባችሁ!»

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ፓይተን ያውቃል። ግን ለማን እንደሚሠራ ረስቷል። ማሽኑ የሰውን ቋንቋ ይማር እንጂ እናቶቻችን ለማሽኑ ብለው ሰዓታቸውን ይቀይሩ እንዴ?

«አማርኛ ለኮምፒውተር ያስቸግራል» የሚለውን ሰበብ ሰልችቶናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፓይተንም ከሦስተኛው ዕትሙ፣ ማለትም ከ2008 ጀምሮ፣ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ይይዛል። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ሥራው ነው።

ሥራው ደግሞ አያስፈራም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮቢ ፖይንተር ኤግድሮፕ የሚባለውን የአይ አር ሲ ቦት ሲጀምር ዋናው ክፍል በሲ ተጻፈ፤ ተጨማሪውን ግን ማንም ሰው ቲክል በሚባል ቀላል የስክሪፕት ቋንቋ እየጻፈ ይቀጥልበታል። ፕለጊን ማለት ይኸው ነው። ዋናው ቦት መልእክት ይቀበልና አንድ ፎልደር ውስጥ ላሉት ትናንሽ ፋይሎች ያሳያል፤ የሚመለከተው ፋይል ይመልሳል። ዋናው ክፍል በወጉ ከተሠራ አንዱ ፋይል ቢበላሽ ሌላው ሥራውን አያቆምም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!

እኛ ጋ ግን እያንዳንዱ ጎበዝ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ይሸከማል። ሁሉም የራሱን ቦት ከዜሮ ይጀምራል፣ ሁሉም አየር ሁኔታ ይነግረናል፣ አንዱም ሰዓታችንን አያውቅም።

ሁለት ፋይል ብቻ እንጠይቃለን። አንደኛው «ሰዓት»ን፣ «ሠዓት»ን እና «ሰአት»ን አንድ ቃል አድርጎ የሚያነብ፤ ማለትም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነቤተሰባቸው የሚያስታርቅ። ሁለተኛው በቀን ሰዓት ላይ 6፣ በሌሊት ሰዓት ላይ 18 የሚደምር፣ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 የሚቀንስ። ካልገባው ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ «የጠዋቱ ነው የማታው?» ብሎ ይጠይቅ።

«አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፣ ፕለጊን አርጅቷል» የምትሉ አላችሁ። የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ አስታዋሹን በትክክለኛው ሰዓት የሚሞላለት መሣሪያ ያስፈልገዋል። ያንን መሣሪያ በኛ አቆጣጠር ማን ይጽፍለታል? ከኛ ሌላ ማንም።

እስከዚያው ስብሰባችንን ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ወረቀቱ «ሦስት ሰዓት» ይላል። እስካሁን ሌሊት የመጣ ሰው የለም።