ደኑ ከጸና እንግዳው ይመጣል

በዚህ ወር አምዳችን ስለ ደንና ስለ እንግዳ እንወያያለን። ቱሪዝም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ ሆቴልና አውሮፕላን ነው። በተራራ ደን ውስጥ ከብት እያረባ፣ ገብስ እየዘራ የሚኖረው ቤተሰብስ ከዚህ ምን ይደርሰዋል? ደኑስ በእንግዳው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የአዳባ-ዶዶላን ደን እንመልከት።

ይህ ደን የሚገኘው በባሌ ተራሮች ሰሜን ምዕራብ ጎን ነው። ዝቅ ባለው ስፍራ ጥድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አስታ ይበቅልበታል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ዋቢ ሸበሌን ይመግባሉ። የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ የተሠራውም በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። እንግዲህ ደኑ ሲመነጠር የሚጎዳው የአካባቢው ሰው ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ ወንዙን ተከትሎ ቆላ ድረስ ይወርዳል።

ቀድሞ ደኑ የመንግሥት ነው ይባል ነበር። ጥቂት ዘበኞች ሰፊ ተራራ መጠበቅ አይችሉም። ነዋሪውም «እኔ ብተወው ሌላው ይቆርጠዋል» ማለቱ አይቀርም። በዚህ አኳኋን የሁሉም የሆነው ነገር የማንም ሳይሆን ይቀራል።

በ1990ዎቹ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በደኑ ውስጥ የሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። አንድ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ቤተሰብም ወደ 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲታሰብ ተደረገ። አባላቱ በደኑ የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት አገኙ፤ በምላሹም እርሻቸውን ወደ ደኑ ላለማስፋት ግዴታ ገቡ። ማኅበሩ በኦሮምኛ «ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና»፣ የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ ሲባል በአጭሩ «ዋጂብ» ተብሎ ይጠራል። ለእኛ ጆሮ ደግሞ ዋጂብ ማለት ግዴታ ነው። ግጥምጥሞሹ ያማረ ነው፤ መብት ያለ ግዴታ አይጸናምና።

ከዚሁ ጎን ለጎን እንግዶች በፈረስ ተራራውን የሚዞሩበት ጉዞ ተዘጋጀ። በመንገዱ ላይ አምስት ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ። የመንገድ መሪው፣ ፈረስ አከራዩና ማረፊያውን የሚጠብቀው ሰው እያንዳንዳቸው ለሥራቸው ይከፈላቸዋል። ገንዘቡ ከተማ ሳይቀር ተራራው ላይ ወዳለው ቤት ይደርሳል ማለት ነው።

ውሉ እንዲያው በወረቀት አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚሁ አካባቢ 49 ማኅበራትን መርምሯል። «ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ» የሚሉ አባላት በበዙበት ማኅበር ደኑ በተሻለ ሁኔታ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ደኑን እየዞሩ በመጠበቅም ብዙ ሰዓት ያጠፋሉ። አማናን የሚያጸናው ጎረቤት ጎረቤቱን ማመኑና መጠበቁ ነው።

ሆኖም እንግዳን ብቻ ተማምኖ መኖር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የዓለምን ጉዞ ሲያቆም የቱሪስት መንገድ ሁሉ ጭር ብሎ ነበር። ሰላም ሲደፈርስም እንግዳ ይቀራል። ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ ለከብቱ፣ ለማሩና ለእርሻው ደጋፊ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ማገዶውም ቆሻሻውም ይበዛል። ልክ ካልተበጀለት ደኑን ሊያይ የመጣው ሰው ደኑን ያስጨርሳል። የፈረስ ኪራዩ በተራ ካልደረሰም ጥቂቶች ይጠቀማሉ፤ የተገፋውም መጥረቢያውን ማንሳቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የዩኔስኮ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ስሙ ሲሰማ ጎብኚው ሊበዛ ይችላል። በተራራማ ደን አጠገብ ለምትኖሩ ወጣቶች የምንለው ይህ ነው፦ ቋንቋ ተማሩ፤ የዛፉንና የወፉን ስም ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ጠይቁ። ወላጆችም ስለ ውሉ፣ ስለ ገቢው ክፍፍልና ስለ ባህላችሁ አከባበር እንግዳው ሳይመጣ በፊት ተመካከሩ። ቤቱን ሳያሰናዳ እንግዳ የሚጠራ የለምና።

በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻአላህ፣ በሌላ ርዕስ እንገናኛለን።