ክቡር እንግዳው ስንት ሥራ ፈጠሩ?

ዘንድሮም ተባለ። «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ!» ክቡር እንግዳው ማይክራፎን ጨብጠው፣ ጋዋን የለበሱ የኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች ፊት ቆመው፣ አምና ሌላው የተናገረውን ደገሙት። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እናቶች እልል አሉ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ስንት ሥራ ፈጥረዋል?

ዕድሜያቸውን ሙሉ ደመወዝ ሲፈርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከመምሪያ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ሚኒስቴር። መኪናው የመንግሥት፣ ነዳጁ የመንግሥት፣ ደጅ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሾፌርም የመንግሥት ቅጥር። ተቀጥሮ መኖር ነውር ከሆነ የነውሩ አባት እሳቸው ናቸው። ነውር ካልሆነ ደግሞ በምረቃው ቀን ልጁን ምን አድርግ ብለው ነው የሚያሸማቅቁት?

ደግሞስ ለማን ነው የሚነገረው? ሥራ አጥነት የሰነፍ አመል እንዳልሆነ አራት ዓመት ሲማር ለከረመ ልጅ! የኢኮኖሚክስ ሊቁ ኬንስ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገበያው በሚከፍለው ደመወዝ ለመሥራት የቆረጠ ሰው እንኳ የአገሩ ጠቅላላ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ ሥራ ሊያጣ እንደሚችል አስረድቷል። ልጁ ይህንን ማክሮ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ሸምድዶ፣ ሚድ ተፈትኖ፣ ፋይናል ተፈትኖ፣ በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፎ ነው እዚያ አዳራሽ የተቀመጠው። ዲግሪው በሚሰጥበት ሰዓት «ሥራ ካጣህ ጥፋቱ ያንተ ነው» ከተባለ፣ ያ ሁሉ ሌክቸር ለምን አስፈለገ?

ሥራ በምን ይፈጠራል? በገንዘብ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከባንክ። ባንኩ ምን ይላል? «የቤት ካርታ አምጣ፣ ሊብሬ አምጣ።» ካርታና ሊብሬ ያለው ተመራቂ ካለ የክቡር እንግዳው ምክር አያስፈልገውም፤ አባቱ ቀድመው መክረውታል። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ማስያዝ የሚፈቅድ አዋጅ በ2011 ወጥቷል፣ ጎሽ። ግን ከሻንጣና ከስልክ በቀር የሚንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ምን ያሲዝ?

በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት ብሎ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ ቆይቶ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ገደቡ ልክ ነበር አልነበረም፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው። ብድር ሲጠብ ግን ባንኩ ያለችውን ለማን ይሰጣል? ለነባር ደንበኛው፣ ለአስመጪው ነው ወይስ ጋዋኑን ገና ላላወለቀው? ምጣዱን ደብቆ እንጀራ ጋግሩ ማለት ይኼ ነው።

በ2009 የተቋቋመውን የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚጠቅሱልኝ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ተደራጁ፣ ቆጥቡ፣ ከዚያ ዶሮ አርቡ። ዶሮ እርባታን አልናቅሁም፤ ዋጋዋንም የገና ዋዜማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዶሮ ከሆነ ግን ልጁን ኢኮኖሜትሪክስ ማስጨነቅ ለምን ነበር?

እሺ፣ ሁሉም ፈጣሪ ሆነ እንበል። የተፈጠረውን ሥራ ማን ይሠራዋል?

የኢኮኖሚክስ ሙያ ተቋም ይፈልጋል። ማንም ብቻውን ተነስቶ የአገርን የዋጋ ንረት አያሰላም፤ በየከተማው ዋጋ የሚለቅም የስታቲስቲክስ አገልግሎት ያስፈልገዋል። የወረዳ በጀት የት እንደገባ የሚመረምር ባለሙያ፣ የብድር ጥያቄን ከአለቃ ስልክ ይልቅ በቁጥር የሚመዝን የባንክ ሠራተኛ፣ ጥር 2017 በይፋ በተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የኩባንያዎችን ሒሳብ አንብቦ «ይኼኛው አያዋጣም» የሚል ተንታኝ፣ እነዚህ ሁሉ ቅጥር ናቸው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕጉ ተከፍቷል፤ ሲገቡ የሚፈልጉት ይህንኑ ሰው ነው። እኛ ግን ሄደህ ሱቅ ክፈት እንለዋለን።

የሥራ ማስታወቂያው ያው ነው። «በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ መስክ የተመረቀ፣ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው።» በተመሳሳይ! ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ለየትኛው ሥራ እንደሚቀጥር ራሱም አላወቀም። ዜሮ ዓመት የሚል ከተገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የባንክ መስኮት ነው፤ ሪግሬሽን የተማረው ልጅ ቀኑን ሙሉ ብር ይቆጥራል። እዚያች ወንበር ላይ ለመቀመጥም ዋስ አምጣ ይባላል። ሥራ ጠባቂ ብለው የሚሰድቡት እንግዲህ ይህንን ልጅ ነው፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ የሚገለብጠውን።

ከዩኒቨርሲቲ የምጠብቀው ንግግር አይደለም። አምና ያስመረቃቸው የኢኮኖሚክስ ልጆች ስንቱ የት ተቀጠሩ፣ በስንት ደመወዝ፣ ስንቱ ቤት ተቀመጡ? ይህን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በሚቀጥለው ምረቃ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይታደል። ክቡር እንግዳውም ንግግሩን ትተው እሱን ያንብቡልን። ወረቀቱን ለማዘጋጀት ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ይበቃሉ፤ ይቅጠሯቸው።