ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ጣሪያ

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጨጓራ ሳይቀር ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ደግሞ እስቲ ቀና እንበልና ስለ ጣሪያ እናውራ። “የጣሪያ ምን ወሬ አለው?” የሚል ካለ ቤቱ አያፈስም ማለት ነውና እግዜር ይመስገን ይበል። የሚያፈስበት ሰው ግን ከወዲሁ ገብቶታል።

የማወራችሁ ስለ እናቴ ቤት ነው። ጉለሌ ውስጥ ያለች 8 ሜትር በ10 ሜትር የሆነች የጭቃ ቤት ነች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያቆመው ግድግዳ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጣሪያውን ግን በ2008 ዓ.ም. ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው! ያኔ ሁለት ሰዎች ዋጋ ሰጡኝና ትንሹን መረጥኩ። “ገንዘብ አተረፍኩልሽ!” ብዬ እናቴ ፊት ደረቴን ነፋሁ።

ያ ጣሪያ በሦስተኛው ክረምት ማፍሰስ ጀመረ። በአምስተኛው እናቴ አልጋዋን ከመስኮቱ ጥግ ወደ ጓዳው በኩል አዞረች። እያለ እያለ ከአልጋዋ ስር ሳፋ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ድስት፣ በሩ ጋ የቀለም ባልዲ ተደረደረና ሐምሌ በገባ ቁጥር ቤቱ ጠብ... ጠብ... ጠብ... ማለት ሆነ። እሷ ደግሞ አትናገርም እኮ! “ኧረ ምንም አይልም ልጄ፣ ትንሽ ነች” ትለኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ደወለች። “ብሩን እኔ እልካለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አንተ ብቻህን አትመርጥም። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ” አለች። ቢያንገበግበኝም ምን እላለሁ? እውነቷን ነው።

የመጀመሪያውን ሰውዬ ያመጣው ደላላ ነው። ግቢው ውስጥ ቆሞ በእርምጃ ለካ፣ “80 ካሬ!” አለ፣ ሞባይሉን ነካ ነካ አደረገና ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፈልን፦ “ቆርቆሮ ማልበስ በሙሉ 118,000 ብር።” አለቀ። አስር ደቂቃም አልፈጀበት።

ሁለተኛው ከአንድ ድርጅት የተላከ ወጣት ነው። አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ታብሌት። ሶፋው ላይ ተቀምጦ የእናቴን ቡና እስከ በረካው ጠጣ፣ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ አየና “ጋሼ፣ እንጨቱ በሙሉ አልቋል” አለኝ። በማግስቱ ማህተም ያረፈበት ሦስት ገጽ መጣ። ከነቫቱ 236,000 ብር።

ሦስተኛውን የጠቆመችን ጎረቤት ነች። ጠና ያሉ አናጢ ናቸው። ገና ከመግባታቸው “መሰላል አለ?” አሉ። ቁጭ ይበሉ ብንላቸው “መጀመሪያ ልየው” አሉና ወጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከላይ ኮቴያቸው ብቻ ተሰማን። ሲወርዱ መዳፋቸው ላይ አንድ ሚስማር ይዘዋል። የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። “ይኸውልህ ልጄ፣ ያፈሰሰባችሁ ይሄ ነው። ደግሞ ሚስማሩን ከሸንተረሩ ጉብታ ላይ መምታት ሲገባው ውሃው ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነው የመታው” አሉኝ። የመታው ሰው ማን እንደመረጠው አልነገርኳቸውም። ቀጥለው ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ገቡና እንጨቱን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ወጉት። አምስት ወራጅ ተበልቷል፣ የቀረው ደህና ነው። ዋጋቸው 171,000 ብር።

ሦስቱንም ለእህቴ ላክሁ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “118 ሺው ምን አለው?” ኧረ ጉድ! ባሏ በበኩሉ “ማህተም ያለው ይሻላል፣ ብንከሰስም ብንከስም” አለ። እናቴ ደግሞ “ብዙ አታውጡ፣ እኔ ስንት ክረምት ልኖር ነው?” ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን።

እንግዲህ ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ምሽት ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የነቃሁት። ሦስቱም ዋጋ የሰጡት ለአንድ ጣሪያ አይደለም! ሦስት የተለያዩ ጣሪያዎች ናቸው። ሽሮን ከክትፎ ጋር አስቀምጦ የቱ ይረክሳል እንደማለት ነው።

ከልኬቱ ልጀምር። ቤቱ 80 ካሬ ነው፤ ጣሪያው ግን 80 ካሬ አይደለም። ክዳኑ ከግድግዳው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲም ወጣ ይላል። ስለዚህ 9.20 በ11.20 ይሆናል፣ 103 ካሬ። ደግሞ ጣሪያ ተዳፋት ነው እንጂ ለጥ ያለ ሜዳ አይደለም። በእናቴ ቤት ተዳፋት ወደ 107 ካሬ ይደርሳል። የአናጢው ወረቀት ላይ የተጻፈውም 107 ነው። ያ በእርምጃ የለካው ሰውዬ 118,000 ያለው ለ80 ካሬ ነው፣ ማለትም ካሬው በ1,475 ብር። በ107 ስታባዙት 157,825 ብር ይመጣል። ታዲያ የጎደለውን 27 ካሬ በባዶው ሊተወው ነው? አይደለም። ጣሪያውን ከገነጠለ በኋላ “ቆርቆሮው አልበቃም፣ ጨምሩ” ሊል ነው። ሰማይ እያያችሁ፣ ዕቃችሁ በሸራ ተሸፍኖ፣ ደመናው እየጠቆረ... እስቲ ያኔ ተከራከሩ!

በዚያ ላይ አሸንዳ የለበትም። ስልክ ደውዬ ስጠይቀው “እሱ ለብቻው ነው፣ 16 ሺህ” አለኝ። ድምሩ 173,825 ሆነ። ርካሹ ከመሀለኛው በለጠ ማለት ነው።

“አሸንዳ ይቅር” የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። 100 ካሬ መሬት የሚሸፍን ጣሪያ በዓመት 120 ሺህ ሊትር ውሃ ይቀበላል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ብትቆጥሩ 600 በርሜል ነው። ይሄ ሁሉ ከክዳኑ ጠርዝ ወርዶ መሬቱን እየፈነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ስር ሲመታ ምን እንደሚሆን የጭቃ ቤት ልጅ ያውቀዋል።

ከዚያ የቆርቆሮው ውፍረት። “ስንት ጌጅ ነው የሚያለብሱልን?” ብዬ ስጠይቀው “ጥሩውን ነው!” አለኝ። ጥሩው የሚባል ጌጅ የለም ወገኖቼ። የጌጅ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ (ዘመዴ ነው፣ እንተወው)። ስለዚህ ጌጁን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን በሚሊ ሜትር አስጽፉ። ቆርቆሮው ሲመጣም ከጋራዥ ካሊፐር ተውሳችሁ ጠርዙን ለኩ። ካሊፐር ከጠፋ ሚዛንም ይናገራል። ለጥ ያለ 1 ካሬ ሜትር ብረት ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 3.1 ኪሎ ይመዝናል፣ 0.2 ከሆነ ግን 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ሸንተረር ያለው ትንሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አናጢው 0.4 ብለው ጽፈዋል።

የድርጅቱን ወረቀትም ሳልመረምር አላለፍኩም። 236,000 ሲባል ብደነግጥም ቫቱ 15 በመቶ ነውና ሲወጣለት 205,217 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 62,000 እንጨቱን በሙሉ መቀየሪያ ነው። በዚያ ፋንታ የአናጢውን አምስት ወራጅ በ9,000 ብናስገባ 152,217፣ ከነቫቱ 175,050 ብር ይሆናል። ይኸውላችሁ፣ ዘራፊ አልነበሩም! እኔ አስቀድሜ በልቤ ሰድቤያቸው ነበር። ለልጁ ደውዬ “እስቲ መጥተህ እንጨቱን ውጣና እየው፣ ያለቀውን ብቻ ቀይሩ” አልኩት። “ጋሼ፣ ዋስትና የምንሰጠው እንጨቱ በሙሉ ሲቀየር ነው” አለኝ። ውሃ የሚያነሳ ነገር ነው፣ አልክድም። አዲስ ቤት ቢሆን ወይ ምስጥ የጨረሰው ቤት ቢሆን እሱን በመረጥኩ። ግን ሳያየው “አልቋል” ማለቱ አልወጣልኝም።

ሦስቱን አስተካክዬ ስደምር 173፣ 175 እና 171 ሺህ ሆኑ። ያ ሁሉ የ118 ሺህ ልዩነት የት ገባ? ዋጋው ከተቀራረበ እንግዲህ የሚመረጠው ሰውዬው ነው።

አናጢውን “የሰሩትን ቤት ያሳዩኝ” አልኳቸው። ሦስት ቤት ጠቀሱልኝ። እኔ ባለፈው ወር ያለበሱትን ማየት አልፈለግሁም፤ አዲስ ቆርቆሮ የማንም ያብረቀርቃል። ሦስት ክረምት ያሳለፈውን መርጬ ሽሮ ሜዳ ሄድኩና በር አንኳኳሁ። የቤቱ እመቤት “ሲሰሩ ይነጫነጫሉ። የተባለው ቀን ላይም አልጨረሱልኝም። ቤቱ ግን አያፈስም” አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ምስክር ደስ ይለኛል። ሁሉን ካመሰገኑ እጠራጠር ነበር።

ውል ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንድ ወዳጄ ለአንዱ ተቋራጭ 60 ሺህ ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተብዬው ላይ “ተቀብያለሁ” ብቻ አስጽፎ ሰውዬው እንደ ጉም ተነነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ የሚለው አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ የሰጠው ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ታዲያ የሰጣችሁት ቀብድ ከሆነ “ቀብድ” ተብሎ ይጻፍ። ይኸው ሕግ ቤት የሰራ ተቋራጭ ለስራው ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆንም ያስገድደዋል። ሰውዬው ካልተገኘ ግን ሕጉን ለማን ታነቡለታላችሁ? የመታወቂያና የንግድ ፈቃድ ኮፒ ያዙ፣ ምስክር አስፈርሙ። የእድሳት ፈቃድ ነገርንም ወረዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደንብ አስከባሪ ስራ መሀል ከች እንዳይልባችሁ።

የቆርቆሮውን ሒሳብ በአናጢው እጅ አላለፍኩም። ቆርቆሮው ግቢያችን ሲራገፍ ቆጥሬ፣ ለክቼ፣ ለሻጩ ከፈልኩ፤ የተከፈለውም ከ171ዱ ተቀነሰ። ደግሞ አንድ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፦ አሮጌው ቆርቆሮ የማን ነው? ብዙ ሰራተኛ የራሱ አድርጎ ጭኖት ይሄዳል። እኛ “የባለቤቷ ነው” ብለን አስጻፍን። ደህናው ለዶሮ ቤት ሆነ፣ የዛገውን ቁራሌው ወሰደው። የመጨረሻውን 10 በመቶ፣ 17,100 ብር፣ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪመታው ያዝኩ። አናጢው ፈገግ ብለው “ልጄ፣ አንተ ከዚህ በፊት ተነክሰሃል” አሉኝና ፈረሙ።

ስራው በግንቦት አጋማሽ ተጀመረ። በስድስት ቀን ያሉት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መነጫነጫቸውም ልክ ሴትየዋ እንዳሉት ነው፤ ሻይ ቀዘቀዘ፣ መሰላሉ አጠረ፣ ረዳታቸው ዘገየ... ጣሪያውን ግን በአንድ ጊዜ አልገነጠሉም። ግማሹን አልብሰው ነው ወደ ሌላው የዞሩት። በአራተኛው ቀን ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ የእናቴ አልጋ ደረቅ ነበር። አዲሶቹን ወራጆች የተቃጠለ ዘይት አስቀብተዋል፣ ምስጥ አይወደውም ብለው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ማታ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። እናቴ ዘንድ ሄጄ አደርኩ። ባትሪ ይዤ ከክፍል ክፍል ስዞር “ምነው፣ ሌባ ገባ እንዴ?” ትለኛለች። መኝታ ቤቱ ደረቅ፣ ሳሎኑ ደረቅ። ጓዳው ጋ፣ ጣሪያው ከጎን ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ብቻ እርጥበት አየሁ። በማግስቱ ስደውል አናጢው መጡ፣ ወጡ፣ እየተነጫነጩ መጋጠሚያውን አስተካከሉ። ከሁለት ዝናብ በኋላ ጥጉ ሲደርቅ 17,100 ብራቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

እህቴ “ታዲያ እማዬ ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላለችም። ድስቱን ወደ ማድ ቤት መልሳዋለች፣ ባልዲውንም ለጎረቤት ሰጥታለች። ሳፋዋ ግን እስከ መስከረም ድረስ ከአልጋዋ ስር አልወጣችም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!