ጠባቂውን ከማፈናችን በፊት

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ዶላርም አልጽፍም። ስለሚጥል ብሬከር ነው የምጽፈው። «ይኼ የኤሌክትሪሺያን ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። የምትሠሩበት ቢሮ፣ ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ እናታችሁ የተኙበት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ አንድ የብረት ሳጥን አለ። እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ጠባቂ ሥራውን እየሠራ ይሁን አፉን ታስሮ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ወደ አፍንጮ በር ቁልቁል ስትወርዱ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና። ምድር ቤቱ ቁርስ ቤት ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያትሙና የሚጠርዙ ኮፒ ቤቶች አሉ። ከዚያ በላይ ቢሮዎች ናቸው። ወሩ ሰኔ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ጽሑፉን ለማስረከብ የሚሯሯጥበት ጊዜ። የሕንፃው ዋና ብሬከር ደግሞ በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ ይጥላል። ሕንፃው ድርግም ይላል። ሰዉ «መብራት ኃይል አጠፋብን» ብሎ 905 ይደውላል። አጥሩን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ግን መብራት አለው።

ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት አንዲት ትልቅ ሴት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሦስት ባለሙያ አይቶታል። ሦስቱም ብሬከሩ አርጅቷል አሉኝ። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ አልጣለም። ባይጥልም ደስ አላለኝም፤ ምን እንዳደረጉት አልነገሩኝማ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ደግ አደረጉ መደወልዎ። መጥቼ ልየው» አልኳቸው።

ፓነሉን ስከፍት የጠረጠሩት ነገር ልክ ነበር። የምድር ፍሳሽን የሚከታተለው ሪሌ መጠኑ እስከ ጫፍ ተጠምዝዟል። ያም አልበቃ ብሎ ከሪሌው ወደ ብሬከሩ የሚሄደው የትእዛዝ ሽቦ ተነቅሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሪሌው ቢጮህ የሚሰማው የለም። የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ወጣት ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ሲጮህ ምን ላድርግ? ነቀልኩት» አለኝ። አልተቆጣሁትም። የተቀጠረው መብራት እንዲመልስ እንጂ ምክንያት እንዲፈልግ አይደለም። ለምክንያት የሚከፍለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቁርስ ቤቱ ወጥ ቤት ገባሁ። እዚያ የነበረው ሊኬጅ ብሬከርም «በጣም ይጥላል» ተብሎ በተራ ብሬከር ተቀይሯል። እንጀራ የምትጋግረውን እህት «ምጣዱ ላይ የሚያስቸግር ነገር አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። እየሳቀች «ስነካው ትንሽ ትነዝረኛለች፤ ለምጃታለሁ። ደረቅ ጫማ ካደረግኩ እንኳን አይታወቀኝም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለምጃታለሁ ነው ያለችው። የምጣዱ ገመድ ከውስጥ ተልጦ፣ የምድር ሽቦው ተበጥሶ፣ የብረቱ አካል ከረንት ይዞ ነበር። ወለሉ እርጥብ በሆነ ቀን፣ በባዶ እግሯ ብትቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ያ የተነቀለው ሊኬጅ ብሬከር ለሳምንታት ሲናገር የነበረው ይህንኑ ነው። ሰዎቹ የሰሙት ግን «ያስቸግራል» የሚለውን ብቻ ነው።

ምጣዱን በዚያው ቀን አስነሳን። ሊኬጅ ብሬከሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። የዋናው ፓነል ነገር ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ሽቦውን መልሼ አሰርኩት፤ ሪሌውንም ወደ ቀድሞ መጠኑ መለስኩት። ተከራዮቹ አጉረመረሙ። ለጥበቃዎቹ አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸው። «በጣለ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ምን ሲሠራ እንደነበር፣ ዝናብ ነበር አልነበረም፣ በመብራት ኃይል ነው በጀነሬተር የሚለውን ጻፉ» አልኳቸው። ከዐሥር ቀን በኋላ ደብተሩ ከሦስቱ ባለሙያዎች የበለጠ ነገረኝ። ሪሌው የሚጥለው ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ አይጥልም። ኮፒ ቤቶቹ በሚዘጉበት እሑድ አይጥልም። ከዝናብ ጋር ግንኙነት የለውም። የሚጥለው ምጣዱ፣ የቡና ማሽኑና የኮፒ ማሽኖቹ ባንድ ላይ ሲሠሩ ነው።

የምድር ፍሳሽ ሪሌ የሚሠራው እንደ በር ጥበቃ ነው። በሦስቱ ፌዝ የወጣው ከረንት በኒውትራል ተመልሶ መምጣቱን ይቆጥራል። የወጣና የገባ እኩል ከሆነ ዝም ይላል። ልዩነት ካየ «አንድ ሰው ሳይመለስ ቀርቷል» ብሎ በሩን ይዘጋል። አሁን የሕንፃው ጓሮ ሌላ በር ቢኖረው አስቡት። ሰው በፊት ለፊት ወጥቶ በጓሮ ይገባል። የጠፋ ሰው የለም፤ የጥበቃው ቆጠራ ግን ልክ አይመጣም።

የጓሮ በሩን ሦስተኛ ፎቅ አገኘሁት። ሦስቱን ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር ስትይዟቸው ንባቡ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። የሌሎቹ ፎቆች መስመር ዜሮ አካባቢ ነበር፤ የሦስተኛው ግን ብዙ አምፔር ያነባል። ንዑስ ፓነሉን ስንከፍት የኒውትራሉን ዘንግ ከምድሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኝ አጭር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አየን። ቢሮው ሲታደስ የሆነ ሰው «ለጥንቃቄ» ብሎ ያሰረው ነው። ኒውትራልና ምድር መገናኘት ያለባቸው በአንድ ቦታ፣ በመነሻው ላይ ነው። ሁለተኛ ቦታ ላይ ሲገናኙ የኒውትራሉ ከረንት ከፊሉ በምድር ሽቦውና በሕንፃው ብረት በኩል ይመለሳል። በሦስቱ ፌዝ ላይ ያለው ጭነት ሲዛባ በኒውትራሉ የሚመለሰው ከረንት ይጨምራል፤ የጓሮ መንገዱም ይጨናነቃል፤ ሪሌው ይጥላል። አንድ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፤ እሱም በአንድ ፌዝ ላይ። ሽቦዋን ፈታናት። ንባቡ ወረደ። ሪሌው በቀድሞ መጠኑ ላይ ሆኖ ከዚያ ወዲህ አልጣለም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች ይጥሉ ነበር። አንዱ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ነው እያለ ነበር። ሌላው በተሳሳተ ሽቦ ተታልሎ ነበር። ሁለቱም ግን የደረሰባቸው ዕጣ አንድ ነው፤ ታፈኑ። የውሸቱን ከእውነቱ መለየት የሚቻለው በመመርመር ብቻ ነው። ሳይመረምር «በከንቱ ነው የሚጥለው» የሚል ሰው እየገመተ ነው፤ የሚገምተውም በሌላ ሰው ነፍስ ላይ ነው።

የሌላውን ወገን ክርክርም አውቀዋለሁ። «ሥራ ቆመብን፤ ኪሳራውን ማን ይከፍላል?» ይላሉ። እውነት ነው። በከንቱ የሚጥል ሪሌ ራሱ ጉዳት ነው። ሊፍት ውስጥ ሰው ያስቀራል፤ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት ያበላሻል፤ የተማሪ ጽሑፍ ያጠፋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰውን ማስለመዱ ነው። ደጋግሞ በሐሰት የጮኸ ጠባቂ በእውነት ሲጮህ የሚሰማው የለም። ስለዚህ «ይጣል፤ ቻሉት» እያልኩ አይደለም። ምክንያቱን ፈልጉ እያልኩ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተአምር አይደለም። ደጋግመው የሚገጥሙኝን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ጀነሬተር። የጀነሬተሩ ኒውትራል ለብቻው ከመሬት ታስሮ፣ መቀያየሪያው ግን ሦስቱን ፌዝ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ያው የጓሮ በር ተከፈተ ማለት ነው። ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ባለ አራት ምሰሶ መቀያየሪያ ይህን ይፈታል።

ሁለተኛ፣ የብዙ ትናንሽ ፍሳሾች ድምር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ወደ ምድር ያፈሳል። የ30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር ደግሞ ከ15 ጀምሮ መጣል ይችላል። ሃያ ኮምፒውተር በአንድ ሊኬጅ ብሬከር ላይ አስራችሁ «ይጥላል» ብትሉ ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለም። መፍትሔው መስመሩን መከፋፈል ነው።

ሦስተኛ፣ የቮልቴጅ መዛባት። በሦስቱ ፌዝ መካከል ያለው የቮልቴጅ መዛባት 1 በመቶ ሲሆን የሞተሩ ከረንት መዛባት ከ6 እስከ 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል። የውኃ ፓምፑ ኦቨርሎድ የሚጥለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኦቨርሎዱን ከፍ ማድረግ ሞተሩን ማቃጠል ነው።

አራተኛ፣ የላላ ብሎን። የላላ ማያያዣ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በሙቀት የሚሠራውን ብሬከር ያታልለዋል። በክላምፕ ስትለኩት ከረንቱ ልክ ነው፤ ብሬከሩ ግን ይጥላል። በእጅ መሞከር አይቻልም፤ መብራቱ ተቆርጦ በመፍቻ መጥበቅ አለበት።

አምስተኛ፣ ከፍታችን። አብዛኛው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ስድስት ኪሎ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን እንደ ቆላው አያወጣም። ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ነው፤ ግን በጠበበ ፓነል፣ በሙሉ ጭነት ለሚሠራ ብሬከር ጥቂቱም ይበቃል።

በዓለም ላይ የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ከስልሳ ዓመት በፊት የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ምሽት በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ናያጋራ አጠገብ ካለው ማመንጫ ከሚወጡ አምስት መስመሮች አንዱ ላይ ያለ ሪሌ ጣለ። መስመሩ ላይ ብልሽት አልነበረም። የሪሌው መጠን ከዓመታት በፊት በተወሰነበት ቆሞ፣ ጭነቱ ግን አድጎ ነበር። የቀሩት አራቱ መስመሮች ሸክሙ በዛባቸውና በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ወደቁ። ኒውዮርክን ጨምሮ 30 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ገባ፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 13 ሰዓት ቆየ። ሪሌው የታዘዘውን ነው የፈጸመው። የተረሳው ትእዛዙን ማደስ ነበር።

የእኛም ሕንፃዎች እንደዚያው ናቸው። ፓነሉ የተሠራው ለመኖሪያ ነበር፤ ዛሬ ምግብ ቤት ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው ገባ፤ በአንድ ፌዝ 32 አምፔር የሚስብ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አሮጌ ቆጣሪ ላይ ይታሰራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁን የሕዳሴ ግድብ መርቀናል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ደስታው የሁላችንም ነው። ግን ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻ ላይ የሚያልፈው በዚያች ምድር ቤት ባለች የብረት ሳጥን ነው። ዓባይን ገድበን በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ላይ ብንተኛ ሥራው ግማሽ ነው።

ምን ይደረግ? ውድ ነገር አልጠይቅም። እያንዳንዱ ፓነል በሩ ላይ ሥዕሉ ይለጠፍ። የሪሌዎቹ መጠን ይጻፍ፤ የቀየረው ሰው ስሙንና ቀኑን ያስፍር። አጠገቡ ደብተር ይንጠልጠል። ለጊዜው መጠን መጨመር ግድ ከሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ይወስን፤ እስከ መቼ እንደሆነም ይጻፍ። የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሲመረቅ ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ይምጣ። የሕንፃ ባለቤቶች ደግሞ «መብራቱን መልስልኝ» ብቻ ሳይሆን «ለምን እንደጣለ ንገረኝ» ለሚለውም ይክፈሉ። ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ዐሥር ደቂቃ ብትሄዱ አምስት ኪሎ መሐንዲስ ይሠለጥናል፤ ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም።

ተከራይም ዝም አይበል። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የኛ ሕንፃ ውስጥ የተነቀለ ወይም የታሰረ ጠባቂ አለ?» መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

መጀመሪያ ላይ ስለ ብሬከር ነው የምጽፈው ብያችሁ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ጉድለት የሚናገረውን ሰው «አስቸጋሪ» ብለን የምናስነሳውም በዚሁ ልማዳችን ይመስለኛል። ተናጋሪው አንዳንዴ ይሳሳታል። ቢሆንም ይሰማ፤ ይመርመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን። እኛ ግን ጅቡ በር ላይ ቆሞ የሚጮኸውን ውሻ አፉን የምናስር ሆነናል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ዛሬም እየጋገረች ነው። ምጣዱ አይነዝራትም። ሊኬጅ ብሬከሩ ባለፈው አንድ ጊዜ ጥሎ ነበር አሉኝ፤ ሄደው ሲያዩ ውኃ የፈሰሰበት ሶኬት አገኙ። ደብተሩ ላይም ጽፈውታል።

የናንተስ ሕንፃ እንዴት ነው? አስተያየታችሁን አድርሱን። ሰላም ሁኑ።