የማኅፀን ልጅ ዝም ሲል

የአዊ ሰው ለፈረሱ ያለው ፍቅር የታወቀ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ አገር ፈረሱ ማታ ገብሱን አልበላም ቢል፥ ባለቤቱ ምን ነካው እያለ ሲመላለስበት ያድራል እንጂ ተኝቶ ንጋትን አይጠብቅም። በማኅፀን ያለ ልጅ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ግን፥ «መወለጃው ሲቀርብ ይተኛል» እየተባለ ቀን ይታለፋል። ይህ አባባል ኀዘን የሚያስከትል ስሕተት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚሁ ነገር ጥቂት እንጽፋለን።

እናት የልጅዋን እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መስማት ትጀምራለች። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ልጁ የራሱን ልማድ ይይዛል። ለሁሉ የሚሆን አንድ ቍጥር የለምና ሚዛኑ ይኸው ልማዱ ነው። ስፍራው ሲጠበው የእንቅስቃሴው ዓይነት ይለወጥ ይሆናል፤ እስከ ምጥ ድረስ ግን ሊቀንስ አይገባም። ከእንግዴ ልጁ የሚያገኘው ኦክሲጅንና ምግብ ያነሰበት ልጅ ኀይሉን ለመቈጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳልና፥ ዝምታውን እንደ ጥሪ መቍጠር ይገባል።

አዋላጅዋ ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናር በ1895 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣው ቀንድ መሰል ማዳመጫ የልጁን ልብ ታዳምጣለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ቢመታ መልካም ነው። የልብ ምት ብቻውን በቂ ማረጋገጫ ስለማይሆን፥ የእናቲቱን የደም ግፊትና የማኅፀንዋን እድገት ትለካለች፤ ጥርጥር ካለ ወደ ሆስፒታል ትልካታለች። ይህን ለማድረግ አስቀድሞ መተዋወቅ ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2016 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ነፍሰ ጡር ሴት ከ12ኛው ሳምንት በፊት ጀምራ ከ8 ጊዜ ባላነሰ እንድትታይ መክሯል።

ሞቶ የሚወለደውን ልጅ ሁሉ ማዳን አይቻልም፤ እናትንም በደለኛ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን በመዘግየት የሚጠፋውን ማዳን የቤተ ሰቡ ሁሉ ሥራ ነው። ስለዚህ የቤት ጌቶች ሆይ፥ በክረምት ጭቃ መንገድ ሳይጠፋ መጓጓዣውን አስቀድማችሁ አሰናዱ። ባለቤታችሁ «ልጁ ዝም አለኝ» ስትል፥ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት እንጂ «እስኪነጋ ጠብቂ» አትበሏት። ደኅና ነው ተብላ ብትመለስ ድካሙ ከንቱ አይደለም፤ ነገሩ ቢደገም ደግማ ትሂድ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎው ሲቀርብ፥ ያን ሌሊት የተሄደበት መንገድ ለማንም ረዥም ሆኖ አይታሰበውም።